ባዶ መስመር የሚወዱት ጋሼ ስማቸው

በየመሥሪያ ቤቱ ስህተት ለማግኘት ብቻ የተፈጠረ የሚመስል አንድ ሰው አይጠፋም። ሠርግ ተጠርቶ የድንኳኑን መጣመም የሚያይ፣ ለቅሶ ተቀምጦ የሟቹን ዕድሜ የሚያርም ዓይነት ሰው። መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ባለች ክፍል፣ ይህን ማዕረግ የያዙት ጋሼ ስማቸው ናቸው። ጸሐፊዎቹ እሳቸው በሌሉበት "ሊቀ ስህተት" ይሏቸዋል።

የክፍሏ ሥራ ለሚያየው ቀላል ይመስላል፤ ሲጠጉት ግን ደስ የሚል ብልሃት አለው። ደብረ ታቦር ባለ አንድ ክሊኒክ የሚሠሩ ሐኪሞች በሽተኛ አይተው ሲጨርሱ ያገኙትንና ያዘዙትን ለስልካቸው ይናገራሉ። ድምፁ በቴሌግራም ይመጣል፤ እነ አዜብ በማዳመጫ እየሰሙ በእንግሊዝኛ ይጽፉታል። ከዚያ፣ ድሮ ጤና ረዳት የነበሩት ጋሼ ስማቸው ድምፁን እንደገና ከጽሑፉ ጋር ያስተያያሉ። እሳቸው ያላሳለፉት ገጽ ወደ ክሊኒኩ አይሄድም።

አዜብ በገባች ሰሞን ሐኪሙ "ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይውሰዱ" ያሉትን እንዳለ 2:00 ብላ ጻፈችው።

"ልጄ፣ በፈረንጅ ሰዓት እኮ ነው የሚያነቡት" አሏት ጋሼ ስማቸው። "እኚህን አዛውንት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ልትቀሰቅሻቸው ነው?"

ሌላዋ ጸሐፊ ሁሪያ ደግሞ ለመፍጠን ብላ "ሆዱ ደህና ነው" የሚለውን ከሌላ በሽተኛ ገጽ ገልብጣ ለጠፈች። ሰውየው ለካ ገና ከሆድ ቀዶ ጥገና የወጣ ኖሯል።

"ሁሪያ፣ የአንዱን ሆድ ለሌላው አታከራዪ! ድምፁን መልሺና ስሚ።"

"ድምፁን መልሺና ስሚ" የዘወትር ጸሎታቸው ነው። ሁሪያ አንድ ቀን እንከን የሌለው ገጽ ብትሰጣቸው ትኩር ብለው አይተዋት "አሞሻል እንዴ?" አሏት። ጎበዝ ማለት ግን ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

ከሁሉ የሚወዱት ባዶ መስመር ነው። "ያልሰማሽውን አትጻፊ። መስመር አስምሪና ድምፁ የጠፋበትን ደቂቃ አስቀምጪ" ይላሉ። የሥራው ባለቤት ደምሌ ደግሞ ባዶ መስመር ሲያይ ያመዋል። "ክሊኒኩ የሚከፍለን ለጽሑፍ እንጂ ለመስመር አይደለም!" ባዶ ያበዛ ይሰናበታል። ለአዜብ አስቀድሞ ተነግሯታል። ከዚህ ሥራ ከወጣች ወደ ወገዳ፣ ወደ እናት አባቷ ቤት መመለሷ ነው።

አንድ ቀን ሐኪሙ ለአንዲት እናት መድኃኒት ሲያዙ፣ በክሊኒኩ መስኮት ሥር የሚያልፍ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ለቀቀው። የመድኃኒቱ ስም ተሰማ፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ግን ተዋጠ። አዜብ ደጋግማ ሰማች። ጥሩምባ ብቻ።

"ይሄ መድኃኒት ሁልጊዜ በቀን ሁለቴ ነው፤ ሁለቴ በይና ተገላገይ" አለች ሁሪያ በሹክሹክታ።

የአዜብ ጣት ቁልፉ ላይ ቆመ። ከዚያ መስመር አሰመረች።

ደምሌ አየው። "አዜብ፣ አልነገርኩሽም? በቃ፣ ከነገ ጀምሮ—"

"ቆይማ" አሉ ጋሼ ስማቸው። ማዳመጫውን አጥልቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መልሰው ሰሙ። "እኔም አልሰማሁም።"

ሊቀ ስህተት አልሰማሁም ሲሉ የሰማ ሰው አልነበረም። ለሐኪሙ ደወሉ፤ አያነሱም። ጃንጥላቸውን አንሥተው ለደብረ ታቦር ሊሳፈሩ ወደ መናኸሪያ ወረዱ።

የተመለሱት አመሻሽ ላይ ነው፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል።

"ዶክተሩም የገዛ ድምፃቸውን መለየት አቃታቸው" አሉ። "ካርዷን አስወጥተው አዩ። ኩላሊቷ ስለደከመ በቀን አንዴ ነው ያዘዙላት።"

ሁሪያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ስማ ደምሌ፣ ከዛሬ ጀምሮ ባዶ መስመር ሁሉ በኔ ይቆጠር። የምታሰናብት ከሆነ ከኔ ጀምር።"

"ኧረ ጋሼ፣ እንዲህ መቼ ወጣኝ!" አለ ደምሌ አንገቱን እያሻሸ።

አዜብ ዛሬ እንኳ ጎበዝ ይሉኛል ብላ ቀና አለች። እሳቸው ወደ ኮምፒውተሯ ጎንበስ ብለው "ደቂቃውን ግን አላስቀመጥሽም" አሏት።

ሰኞ ጋሼ ስማቸው አረፈዱ። ገጾቹ ተጽፈው አልቀዋል፤ ክሊኒኩ እየደወለ ነው።

"ላኩት እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?" አለ ደምሌ።

"ሳይታረም?" አለች አዜብ።

ደምሌ ሁሪያን አየ። ሁሪያ እጆቿን አጣጥፋ ወደ በሩ ታያለች። ቢቸግረው እሱም ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

በመጨረሻ ደረጃው ላይ የጃንጥላ ኳኳታ ተሰማ። አዜብ ተነሥታ ማዳመጫቸውን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችላቸው።

"ዛሬ ያለ ምንም ባዶ የጨረሰው ማነው?" አሉ ጋሼ ስማቸው ገና ከበሩ ሳያልፉ። "የሱን አስቀድሙልኝ። እሱን ነው የምጠረጥረው።"