በሞቴ ወሩን የተሻገረበት ዜና

ንዌጥን በረድኤተ ደመወዝ ጽሒፈ ዜናሁ ለበሞቴ፤ ይህም በደመወዝ ረዳትነት የበሞቴን ዜና መጻፍ እንጀምራለን ማለት ነው። ዘመኑ ዘመነ ጭማሪ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኛው ሁሉ አራት መቶ ብር ጨምሮ፣ ባለሱቁና ባለታክሲው በሰሙ በሦስተኛው ቀን ተካፍለው በወሰዱት በሁለተኛው ዓመት፣ እትዬ ቆጣሪ የተባሉት አከራይ በግቢያቸው ላይ በነገሡና የውሃውን ቧንቧ በቁልፍ ባሰሩ በዘጠነኛው ዓመት፣ አሳንሰር ጠጋኙ በሞቴ በተወለደ በሠላሳ አራተኛው ዓመት፣ ደመወዝ በገባበት ቀን ይህ ገድል ተጀመረ።

በሞቴ የተባለበት ምክንያት እንዲህ ነው። እናቱ ያወጡለት ስም ሌላ ሲሆን፣ ሰው በተሰበሰበበት ጠረጴዛ ሂሳብ በመጣ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ እየተነሣ፣ በሞቴ እኔ ልክፈል እያለ፣ የባልንጀራውን እጅ እየጠመዘዘ፣ አስተናጋጁን በሽርጡ እየጎተተ ስለሚከፍል፣ ያወቀው ሁሉ የእናቱን ስም ረስቶ በሞቴ አለው። በአሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ጥርሱን የሚፍቅ ደፋር ሲሆን፣ ቆጥቋጣ ነው እንዳይባል ግን እንደ ሕፃን ይፈራ ነበር። አንድ ቀንም በአጠገቡ የተቀመጡ የማያውቃቸው ሰዎች እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል ሲባባሉ ሰምቶ፣ ልማድ ሆኖበት ከመካከላቸው ዘሎ ገብቶ፣ የስድስት ሰው ምሳ ከፍሎ ወጣ፤ ሰዎቹም ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ ይጠያየቃሉ።

ደመወዙ ከዐሥረኛው ቀን አልፎ አያውቅም። ከዐሥረኛው ቀን ወዲያ ያለው ዘመነ ብድር ይባላል፤ በዚያም ዘመን ጌታችን በሞቴ ሥራ በእግሩ ይሄዳል፣ ለእራቱ ውሃ ይጠጣል፣ ለምን አትበላም ላለውም ሁሉ ጨጓራዬን ነው ይላል። ገንዘቡ የት እንደሚገባ ስለማያውቅም ሌባ ለምዶብኛል ብሎ የክፍሉን ቁልፍ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አስለወጠ፤ ያስለወጠውም በብድር ነው።

ወእምዝ፣ ከዚህ በኋላ፣ ከእጮኛው ጋር ቤት ሊያይ ወጣ። እጮኛው በመድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ነገር የማታበዛ፣ እኛም ስለ ክብሯ ወለተ ፋርማሲ ብለን የጻፍናት ናት። ቤቱ ሁለት ክፍል ነበር፤ ወጥ ቤቱ ሁለት ሰው ሲገባበት አንዱ ትንፋሹን መያዝ አለበት፤ እሷ ግን ወደደችው፤ መጋረጃ የሚሰቀልበትንም በስንዝር ለካች። ባለቤቱ የሦስት ወር ቅድሚያ በጠየቀ ጊዜ፣ በሞቴ በታላቅ ግርማ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ የወጣውም አንድ ብሎን፣ ሁለት የጥርስ እንጨትና የሌላ ሰው ምሳ ደረሰኝ ነበር። እንዲህ ሲሆን ሦስተኛው ቤት ነው። የመልሱን ታክሲ እሷ ከፈለች። በማግስቱ ደመወዝ ገባ፤ እሷም በሥራ ቦታዋ መስኮት ቆማ ይህን አዋጅ አስነገረች።

«ስማ! ሌላው ባይሰማ አንተ ስማ! ደመወዝህን በያዝክ ሰዓት፣ ማንንም ሳትጋብዝ፣ ሁለት ሺህ ብር ለቤታችን አስቀምጥ። የቀረውን በየፖስታው ክፈለው። ያወጣኸውን ሁሉ በዚህ ደብተር ጻፍ፤ ያልጻፍከውን እንደሰረቅከኝ እቆጥረዋለሁ። ወሩ እስኪያልቅ ከሰው አምስት ሳንቲም ብትበደር ቀለበትህን መጥተህ ትወስዳለህ። እንደምወድህ ታውቃለህ፤ ኪራይ ግን በፍቅር አይከፈልም!»

በሞቴም ይህን ሰማ። አለቀሰ ብለን ለመጻፍ ባንደፍርም፣ በሳል መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ዓይኑን ተክሎ ብዙ ቆየ። እሷን ካጣ የሚተርፈው ያ የተቆለፈ ቧንቧና ያ የተለወጠ ቁልፍ ብቻ መሆኑን ያውቅ ነበርና ፈራ።

ከዚያም ወደ ክፍሉ ገብቶ፣ ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶውን ብር በአልጋው ላይ ዘርግቶ ሹመት ሰጠ። ራስ ኪራይን በሦስት ሺህ አምስት መቶ ላይ ሾመ፤ እሳቸውም በተሾሙ በሰዓቱ በእትዬ ቆጣሪ እጅ ተማረኩ። ደጃዝማች ምሳን በሺህ ስምንት መቶ፣ በየማለዳው ቀድሞ የሚወጣውን ፊታውራሪ ታክሲን በአንድ ሺህ፣ ግራዝማች ውሃና መብራትን በስድስት መቶ፣ ባላምባራስ የስልክ ካርድን በሦስት መቶ ላይ ሾመ። የቀረውን ስድስት መቶ ልዩ ልዩ ለሚባል፣ ዘሩ ለማይታወቅ፣ ከየትም መጥቶ የትም ለሚገባ ሽፍታ ሰጠ። ሁለት ሺህ የያዘውን አቤቶ ቁጠባን ግን፣ የቀድሞ ነገሥታት ወንድሞቻቸውን በአምባ ላይ ያስሩ እንደነበረ፣ በቁም ሳጥኑ አናት ላይ አውጥቶ አሰረው።

በአምስተኛው ቀን ደብተሩን ገልጦ አነበበ። ሻይ ለእኔ አንድ፣ ሻይ ለሌሎች ሰባት። ምሳ ለእኔ አንድ፣ ምሳ ለጭፍራው አራት። የማላውቃት ሴትዮ ታክሲ፣ አንድ። በዚያን ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ ያሳደደውን ሌባ ፊት ለፊት አየው፤ ሌባውም ረጅም ክንድ ያለው፣ ሰማያዊ የሥራ ቱታ የለበሰ፣ በሞቴ የሚባል ሰው ነበር። ራሱ ገራፊ ራሱ ጯሂ ማለት ይኸው ነው።

ማወቅ ግን መተው አይደለም። በዘጠነኛው ቀን ደጃዝማች ምሳ በግብዣ ብዛት መነመኑና ሁለት መቶ ብር ብቻ ቀራቸው። እጮኛው ከሰው አትበደር እንጂ ከፖስታ አትበደር አላለችም ብሎ፣ ምሳ በፊታውራሪ ታክሲ ላይ ዘመተ፤ ታክሲ የግራዝማች ውሃና መብራትን አገር ዘረፈ፤ ውሃና መብራት በባላምባራሱ ላይ ተነሣ። ሽፍታው ልዩ ልዩማ ገና በአራተኛው ቀን ጠፍቶ ነበር። በየፖስታው ውስጥም በራሱ እጅ የጻፈው፣ ከእኔ ለእኔ መቶ ሃምሳ ብር አበድሬአለሁ የሚል ወረቀት ተከማቸ፤ አበዳሪውም ተበዳሪውም በአንድ አልጋ እያደሩ አንዱ ሌላውን ሊከሰው አልቻለም።

በዐሥራ አራተኛው ቀን ማለዳ ወንበር ስቦ ወጣና በቁም ሳጥኑ አናት ያለውን ፖስታ ያዘ። መቶ ብር ብቻ ላውጣ፣ ደመወዝ ሲገባ እመልሳለሁ አለ በልቡ፤ ይህንንም ቃል በሕይወቱ ሁሉ ለስንት ሰው እንደተናገረው ትዝ አለውና አፈረ። ፖስታው ደግሞ ወፍራም ነበር። በወር እኩሌታ ይህን ያህል ውፍረት ያለው ነገር በእጁ ይዞ አያውቅም። መጋረጃውን በስንዝር ስትለካ የነበረችውን ልጅ አሰበ፤ ፖስታውን መልሶ ከወንበሩ ወረደ። ከየፖስታው የተረፈውን ፍርፋሪ ሁሉ በአንድ ላይ አፈሰሰ፤ ለቀሩት ቀናት አካፈለ፤ ለእያንዳንዱ ቀን የደረሰውም የሚያሳዝን ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ የትናንት ትራፊ በምሳ ዕቃ ይዞ እየሄደ፣ በማሽን ክፍሉ ውስጥ በብሎንና በግሪስ ቆርቆሮ መካከል ተቀምጦ ብቻውን ይበላ ጀመር። ሰዎቹ በሞቴን ምን ነካው ተባባሉ፤ ጨጓራውን ነው ተባለ።

ወበውእቱ መዋዕል፣ በዚያም ወራት፣ በወሩ በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ የአሥራ አንድ ፎቁ ሕንፃ አሳንሰር ከአንድ ሳምንት ድካም በኋላ ተነሣና፣ ለዚህ ደስታ አብረን ካልበላን ተባለ። በሞቴም ከምሳ ዕቃው ትሩፋት ያጠራቀመውን ሦስት መቶ ብር፣ ለራሱ ድርሻ ብቻ፣ በደረት ኪሱ ይዞ ዘመተ። ከእሱ ጋር የዘመቱት እነዚህ ናቸው። አለቃው ጋሼ ፊውዝ፣ በትንሽ ነገር የሚቃጠሉት፤ ሾፌሩ ሦስተኛ ማርሽ፣ አራተኛ አስገብቶ የማያውቀው፤ በያጁ ጭስ፤ ደግሞም የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጠባቂ ቋጠሮ፣ የቦርሳውን ውስጥ በአራት ዓመት ማንም ያላየው። ሥጋና ሩዝ በሉ፤ ለስላሳ ጠጡ፤ አጥንት እስኪፏጭ ድረስ ጋጡ። ከዚያም ሂሳብ መጣ፤ ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ብር ነበር፤ አስተናጋጁም ከልማድ የተነሣ በቀጥታ በበሞቴ ፊት አኖረው።

ጦርነቱ ያን ጊዜ ተጀመረ። ቀኝ እጁ ወደ ወረቀቱ ሊሄድ ተነሣ፤ ጌታችንም ቀኝ እጁን በቂጡ ሥር አድርጎ ተቀመጠበት። ግራ እጁ ሊረዳ ተነሣ፤ እሱንም በብርጭቆ አስያዘው። ምላሱ በሞ ብሎ ጀመረ፤ ቃሉን በውሃ ዋጠው። ላብ በጀርባው ወረደ። ሁሉም አዩት፤ እሱ ግን የጨው ዕቃውን ቀዳዳ መቁጠር ጀመረ፤ ዘጠኝ ነበር። ጋሼ ፊውዝ ያልጠራ ስልክ ጆሮአቸው ላይ አድርገው ወጡ። ሦስተኛ ማርሽ የታጠበ እጁን ሊታጠብ ሄደ። ጭስም ከጠረጴዛው ሥር የወደቀ፣ እስከ ዛሬ ያልተገኘ ነገር ሊፈልግ ገባ። ደቂቃ በደቂቃ ላይ ተደራረበ፤ አስተናጋጁም በመካከላቸው ቆሞ አወጀ።

«ስሙ! ከበላችሁ ቆይታችኋል፤ በር ላይ የቆመ ሰው አለ። ከፋይ ካለ ይክፈል፣ ከሌለም ወንበር ይለቀቅ!»

በሞቴ ከዚህ በላይ መቻል አቅቶት፣ ሦስት መቶውን አውጥቶ ለቀረው ልበደር ብሎ፣ ቀለበቱም ቤቱም ይቅር ብሎ ከመቀመጫው ግማሽ ያህል ተነሥቶ ሳለ፣ ቋጠሮ የተባለው ሰው ጠረጴዛውን በቡጢ መታና ቦርሳውን አወጣ። ጭስም ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ይህን ተአምር አየ። ቋጠሮም ቆሞ እንዲህ ሲል አወጀ።

«ስሙ! አራት ዓመት ሙሉ ቋጠሮ እያላችሁ ሳቃችሁብኝ። እጄን ኪሴ በከተትኩ ቁጥር ይህ ሰውዬ በሞቴ እያለ ሲጠመዝዘኝ፣ ትከሻዬን እስከ ዛሬ ያመኛል። ልጄ የተወለደች ጊዜ እንኳ ልጋብዛችሁ ብዬ፣ ከአማቴ ተበድሬ መጥቼ፣ እሱ ከፈለው። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ ጋበዝኳቸው ብዬ ዋሸሁ። ዛሬ የሚቀድመኝ ካለ ቡጢ ነው የማቀምሰው!»

ከፈለም፤ ለአስተናጋጁም ጉርሻ ጨመረለት። ጋሼ ፊውዝም ስልኩ አለቀልኝ ብለው ተመለሱ። በሞቴ ግን ወንበሩ ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ። ደግ ነኝ ብሎ የኖረ ሰው፣ ደግነቱ እኩሌታው ኩራት እንደነበረ፣ የሌላውን ሰው ክብር አብሮ ሲከፍል እንደኖረ ገባውና አፈረ። ይቅርታ ሊል ፈልጎ ቋጠሮን በትከሻው ያዘው፤ የሚያመው ትከሻ ስለነበረ ቋጠሮ ጮኸ፤ ሁሉም ሳቁ። ቋጠሮም ሻይ ጨመረላቸው፤ በሞቴም ሰው የከፈለለትን ሻይ ቀስ እያለ ጠጣው፤ ጣፈጠው። በደብተሩም፣ ምሳ፣ ቋጠሮ ጋበዘኝ፣ ወጪ የለም ብሎ ጻፈ።

ሠላሳኛው ቀን መጣ። ጌታችን ይህን ቀን ገንዘብ በኪሱ ይዞ አይቶት ስለማያውቅ፣ መቶ ዐሥራ አምስቱን የተረፈ ብር ደጋግሞ እየዳሰሰ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄደ፤ ደብተሩንና የታሸገውን ፖስታ በመስኮቱ አቀበለ። ወለተ ፋርማሲ ቆማ አነበበችው። በመካከል አንድ ሳል የያዘው ሰው መድኃኒት ሊገዛ መጣ፤ ቆይ አለችው በእጇ፤ ቆየ። ገጽ ገለጠች፤ ሌላ ገጽ ገለጠች፤ የሰጠውን ያበደረውን፣ የዘረፈውን ያስዘረፈውን፣ ያፈረበትን ሁሉ አንድ ሳይደብቅ ጽፎት አገኘች። ደብተሩን ዘግታ ወደ ጓዳ ገባች፤ በሞቴም ቀለበቱን ልታመጣ ነው ብሎ ሞተ።

እሷ ግን በጠዋት የተቀበለችውን የራሷን ደመወዝ፣ ከነማሸጊያው አምጥታ በእጁ አኖረችው። ክኒን እንኳ ሳትቆጥር ለሰው ሰጥታ የማታውቅ ሴት እንዲህ ስትል አወጀች።

«ስሙ! ሳል ያለብህም ስማ! ይህ ሰውዬ ወሩን ጨርሷል። ደመወዜ ይኸው፤ አልቆጠርኩትም፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚያው ደብተር ይጻፍ። ቤቱን በሦስት ወር እንይዘዋለን። አሁን ወዲያ በል፣ ሰልፍ ዘጋህብኝ!»

ሳል ያለበት ሰውም አጨበጨበ፤ አጨብጭቦም ሳለ። በሞቴ ከእጁ ገንዘብ የወሰዱ ብዙ ሰዎች ነበሩት፤ ጠብቅልኝ ብሎ በእጁ ገንዘብ ያኖረ ሰው ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልነበረውም። በዚህን ጊዜ አለቀሰ፤ አሁን ደፍረን እንጽፈዋለን።

ይደልዎ ክብር ለበሞቴ፤ ለበሞቴ ክብር ይገባዋል! ሌሎች በእልፍ ሠራዊት ከተማ ሲከቡ፣ እሱ በሰባት ፖስታ ወር ከበበ። ሌሎች ጠላታቸውን በጎራዴ ሲያሳድዱ፣ እሱ ጠላቱን በእስክሪፕቶ ጽፎ ያዘው፤ ያዘውና ራሱ ሆኖ አገኘው፤ ቢሆንም አልሸሸም። እጁን ሠላሳ ቀን የገዛ ሰው፣ ሠላሳ አገር ከገዛ ንጉሥ አያንስም። ዘመኑ ይርዘም፤ ፖስታው ይወፍር፤ ጨጓራውም ጤና ይሁን። ወለተ ፋርማሲ ሳትቆጥር አመነችው፤ ከዚህ የሚበልጥ ሹመት በየትኛውም ቤተ መንግሥት አልተሰጠም።