ባዶ ቦታ አይቶ የማያልፈው የዊሎ ላንዲንግ ሰው

በየትኛውም ከተማ፣ ባዶ ቦታ አይቶ ማለፍ የማይሆንለት አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው አረም የዋጠው ሜዳ ሲያይ እሱ ባለ አራት ፎቅ ሆቴል ያያል። ሌላው መስኮቱ የረገፈ የወተት ፋብሪካ ሲያይ፣ እሱ በረንዳው ላይ ቢራ ይዘው የሚሳሳቁ ወጣቶች ይታዩታል፤ እንዲያውም ቦታው ጠቧቸው ማስፋፊያ ያቅድላቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው አይቀመጥም። ቢቀመጥም ጉልበቱ ከጠረጴዛ በታች ይዘላል። በእኛዋ በዊሎ ላንዲንግ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ ይህ ሰው የከተማው የልማት ኃላፊ ክቡር አቶ ኦሪን ሃውግ ነው።

ማርሊስ ኩቢያክ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ዓርብ ዓርብ ታበላዋለችና። ልታበላው ትሞክራለች ማለት ይሻላል። ዓርብ ማታ በግዛታችን በዊስኮንሲን የዓሣ ጥብስ የማይበላ ሰው ወይ ታሟል ወይ ከጎረቤት ግዛት ከሚኒሶታ ነው የመጣው፤ የማርሊስ ምግብ ቤት ደግሞ ከወንዙ ዳር ብቸኛው ስለሆነ ከተማው በሙሉ እዚያ ነው። ኦሪን ይገባል፣ ያዛል፣ ኮቱን ወንበሩ ላይ ያንጠለጥላል። ዓሣውና የጎመን ሰላጣው ሲቀርብ ወንበሩ ላይ ያለው ኮቱ ብቻ ነው። እሱ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ጋ ቆሞ ለጥርስ ሐኪሙ ስለ ውሃ መዝናኛ ያስረዳል።

"ኦሪን! በረደብህ እኮ!"

"መጣሁ ማርሊስ፣ መጣሁ! ሰዎቹ ሊመጡ ነው!"

እነማን እንደሆኑ መጠየቅ ከቀረ ቆይቷል። አንዴ የአይብ ቤተ መዘክር ሊያቋቁሙ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዴ ባትሪ የሚሠሩ ናቸው። የባትሪዎቹ እንኳ በእርግጥ መጥተው ነበር። ያን ዕለት ኦሪን ከተማዋ ሕዝብ የሞላባት እንድትመስል ብሎ ያልደወለለት ሰው የለም፤ "መኪናችሁን ዋናው መንገድ ላይ አቁሙ፣ ወዲያ ወዲህ በሉ፣ ደስተኛ ምሰሉ!" ማርሊስን ኮፍያ እያቀያየረች በእንግዶቹ ፊት ደጋግማ እንድታልፍ አደረጋት። በመጨረሻ አንዱ እንግዳ ባርኔጣውን አንሥቶ፣ "እንደገና በማየቴ ደስ ብሎኛል፣ እመቤት" አላት። ፋብሪካው ሌላ ግዛት፣ አዮዋ ሄደ። ኦሪን ግን አንድ ቀን እንኳ አላዘነም። በማግስቱ ስለ ሆቴል ማውራት ጀመረ።

ሆቴሉ ግን የእውነት ሆነ። የሚልዋኪ ከተማ ኩባንያ ነው፤ ከማርሊስ ምግብ ቤት አጠገብ ያለውን ሜዳ ወዶታል። የወደደው ግን እንዲሁ አይደለም፤ ከተማው የሚያባብልበት ነገር ሊኖረው ይገባል። የኦሪን ማባበያ ደግሞ በየከተማው ያሉ የእሱ ቢጤዎች ሁሉ እንደ ጸሎት በቃላቸው የሚያውቁት ነው። ካርታ ላይ መስመር ይሰመራል። ከመስመሩ ውስጥ ያለ ንብረት ዛሬ የሚከፍለው ግብር እንደ ወትሮው ለትምህርት ቤቱም ለአውራጃው አስተዳደርም ይሄዳል። ነገ ሆቴል ተሠርቶ የአካባቢው ዋጋ ሲንር የሚመጣው የግብር ጭማሪ ግን፣ ሃያ ዓመት ገደማ፣ አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሣጥኑ ለባለሀብቱ መንገድና ቧንቧ ይዘረጋለታል፤ ሲብስም ገንዘቡን በእጁ ይሰጠዋል። ሁለት ነገር ብቻ መሟላት አለበት። አንደኛ፣ በመስመሩ ውስጥ በቂ የተጎሳቆለ ቦታ መኖር አለበት። ሁለተኛ፣ "ይህ ገንዘብ ባይሰጠው ባለሀብቱ አይመጣም" ብሎ አንድ ኃላፊ መፈረም አለበት። ፈራሚው ሁልጊዜ ኦሪን ነው።

የተጎሳቆለው ቦታ ትንሽ ጎደለ። ኦሪን መስመሩን ወደ ግራ ለጠጥ አደረገው።

ዓርብ ዕለት ፊቱ እያበራ ባንኮኒው ጋ መጣ።

"ማርሊስ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ፈራርሰሻል!"

"ምን?"

"ማለቴ፣ ቤቱ። 'የተጎሳቆለ' ተብሏል። መስመሩ ውስጥ ገብተሻል እኮ! አንቺ ባትኖሪ አይሞላም ነበር።"

ማርሊስ ብርጭቆ ስትወለውል ነበር፤ አስቀመጠችው። ጣሪያውን ባለፈው በጋ አሳድሳለች። ወለሉን በየሌሊቱ የምትፈገፍገው ራሷ ናት።

"አንተ፣ ተጎሳቁሏል ያልከው ቤት ውስጥ ነው የምትበላው?"

"ቃሉ የሕግ ቃል ነው፤ በግል አትውሰጂው…"

"ኮትህን በግል ውሰደው!" ብላ ኮቱን ከወንበሩ ላይ አንሥታ ደረቱ ላይ ወረወረችለት። ቤቱ ሁሉ ሹካውን አስቀምጦ አየ። ኦሪን በዚያ ምሽት እራቱን የበላው ነዳጅ ማደያው ጋ፣ መኪናው ውስጥ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ሳንድዊች ነበር፤ የጥርስ ሐኪሙ በዓይኑ አይቷል።

የሕዝብ ስብሰባው ቀን ማዘጋጃ ቤቱ ግጥም ብሎ ሞላ። የሆቴሉ ሰው፣ ሚስተር ካልድዌል የሚባል ጫማው የሚያብረቀርቅ ጎልማሳ፣ በጣም በትሕትና ተናገረ። "እውነቱን ልንገራችሁ፤ ድጋፉ ከሌለ እዚህ አንገነባም። ባሪ ፎልስም ደስ የሚል ወንዝ አለው።" ባሪ ፎልስ ጎረቤታችን ናት፤ ስሟ ሲነሣ የዊሎ ላንዲንግ ሰው ጥርሱን ያፋጫል። ሰውዬው ይህን በደንብ አጥንቶ ነው የመጣው።

ማርሊስ እጇን ሳታወጣ ተነሣች።

"እኔ ቤቴን ስከፍት ምን ቢሰጡሽ ነው የምትመጪው ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ መጣሁ፣ ከፈትኩ። አሁን የእኔም ግብር ሲጨምር ጭማሪው ሣጥን ይገባል አላችሁኝ። ከሣጥኑ ሆቴል ይሠራል። ሆቴሉ ምግብ ቤት ይኖረዋል። ምግብ ቤቱ ዓርብ ምን እንደሚጠብስ ልንገራችሁ? ታዲያ ተፎካካሪዬን በገንዘቤ ላቋቁም? የትምህርት ቤቱስ ጣሪያ ሃያ ዓመት ሙሉ ይጠብቀናል?" ከዚያ ዞረች። "ኦሪን፣ እኔን እያየህ መልስልኝ። ገንዘቡ ባይሰጣቸው የምር አይመጡም?"

ኦሪን ተነሣ። ክራባቱን ነካ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሣ።

"አላውቅም" አለ።

"እንዴት ማለት?" አለች ከንቲባዋ፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ። "አቶ ኦሪን፣ ፈርመሃል እኮ።"

"ሁሌም እፈርማለሁ። ያልሆነን ነገር ሰው ከየት አምጥቶ ያየዋል? እንዲመጡልኝ ስለምፈልግ ነው አይመጡም የምለው። ይመጡ ይሆናል። ላይመጡም ይችላሉ። ማርሊስን እያየሁ ግን አውቃለሁ ማለት አልቻልኩም።"

ሚስተር ካልድዌል የእጅ ቦርሳውን ቀጭ አድርጎ ዘጋው። ምክር ቤቱ አንድ ሰዓት ተነታርኮ፣ ሣጥኑ ይቋቋም፣ ለፍሳሽ ቧንቧና ለወንዝ ዳር መንገድ ይዋል፣ ለሆቴሉ ግን በእጅ የሚሰጥ ነገር የለም ብሎ ወሰነ። የማርሊስም ቤት ከመስመሩ ወጣ፤ በምትኩ መስኮቱ የረገፈው የወተት ፋብሪካ ገባ። በወሩ ሆቴሉ ባሪ ፎልስ መሠረት ጣለ።

ጉድ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። በኦሪን ሲስቁ የኖሩት ሰዎች አሁን ጠሉት። ፀጉር ቤት ውስጥም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍም "ሆቴሉን ያባረረው ሰውዬ" ሆነ። ምክር ቤቱ ሥራውን ወደ ግማሽ ቀን፣ ደመወዙንም እንዲሁ ወደ ግማሽ ቆረጠው። ማርሊስ አሸንፋለች፤ መጀመሪያ ላይ ደስ አላት። ቀስ በቀስ ግን ዓርቡ ሌላ ዓርብ ሆነባት። ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይበላል። ስለ ጉልበቱ ሕመምና ስለ ሞተው ዘመዱ ያወራል። ማንም ስለሚመጣ ነገር አያወራም። ሰው ሁሉ ቦታው ላይ እንዲህ ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ ማርሊስን ያቅበጠብጣት ጀመር፤ ራሷ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ መንቀዥቀዥ ያዘች።

ከዚያ የጥርስ ሐኪሙ ወሬ አመጣ። ኦሪን አዮዋ ውስጥ ትልቅ ከተማ ሥራ አግኝቷል፤ በሚመጣው ሳምንት ይሄዳል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማርሊስ የቤተ ክርስቲያን ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ደጁን አንኳኳች። ሳሎኑ በካርቶን ተሞልቷል። እሱ በካልሲ ነው።

"ባዶ የባቡር ጣቢያ አላቸው" አላት፣ ደህና ዋልሽ እንኳ ሳይል። "ማርሊስ፣ ግዙፍ ነው! ዓይንሽ መጨረሻውን አያይም።"

በሕይወቷ በባቡር ጣቢያ ቀንታ አታውቅም። አሁን ቀናች።

"ሰሞኑን ቤቴ ጸጥ ብሏል" አለችው።

"ጥሩ ነው። ሰው ተረጋግቶ ይበላል።"

"ጥሩ አይደለም፣ አንተ ሰው! የቀብር ማግስት መስሏል። ስማኝ፣ እዚህ ለመጨቃጨቅ አልመጣሁም። ከምግብ ቤቴ ጀርባ ያለውን ሜዳ ከተማው ያከራየኝ እንደሆነ ውጭ ጠረጴዛ ላወጣ አስቤያለሁ። ወንዙ ፊት ለፊት። መንገዱ ሲሠራ ሰው በእግሩ ያልፋል አይደል? ከማንም አንድ ሳንቲም አልፈልግም። ፈቃዱን ከማን እንደምጠይቅ ብቻ ንገረኝ።"

"ከእኔ ነው። እስከ ዓርብ ድረስ ከእኔ ነው።" አጠገቡ ያለው ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ አልዘለለም፤ ማርሊስ ደነገጠች። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ስንት ጠረጴዛ?" አላት።

"ስድስት።"

"ስድስት? ለስድስት ማን ይመጣል! ለሙዚቃ የሚሆን መድረክስ? ዝናብ ሲመጣስ በምን ትሸፍኚዋለሽ? የጀልባ ማቆሚያ ቢኖርስ? ከባሪ ፎልስ ሆቴል በጀልባ ቢመጡስ፣ ማርሊስ፣ የእነሱ እንግዶች፣ እኛ ጋ…"

አዮዋ እንደሚሄድ ወይም እንደሚቀር አንዳቸውም አላነሡም። ኦሪን ካርቶኖቹን አንድ በአንድ እየገለበጠ ሜትር ፈለገ፤ ሦስተኛው ውስጥ ከምንጣፍ ማጽጃው ሥር አገኘው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከምግብ ቤቷ ጀርባ፣ ካፊያ እየጣለ፣ ማርሊስ በቅዳሴ ጫማዋ ጭቃ ላይ ቆማለች። የሜትሩ ጫፍ በእጇ ነው። ኦሪን ሌላውን ጫፍ ይዞ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ ከአረሙ መሐል እየጠለቀ፣ ወደ ወንዙ ይርቃል።

"አጥብቀሽ ያዢው!" ይላል እየጮኸ። "ገና ነኝ! ገና ነኝ!"

ሜትሩ በእጇ ውስጥ ይጎትታታል። ማርሊስ በሁለት እጇ ያዘችው።