አይውጣ የተባለው መንገድ

እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አድሬ፣ እሑድ ጠዋት ቢሮ ወንበሬ ላይ ሸለብ ሲያደርገኝ ያየሁትን ሕልም ልንገራችሁማ። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ አይደለም፤ ሦስት ሽማግሌዎቼ ያን ጠዋት ጋሽ ደመላሽ ቤት ሄደው ልጃቸውን ስመኝን ሊጠይቁልኝ ነበር። ጋሽ ደመላሽ ባለ ሆቴል ናቸው። እኔ ይበልጣል ደግሞ የኢንተርኔት ድርጅት ቴክኒሻን ነኝ።

በሕልሜ ራውተሩ፣ ያ ኢንተርኔቱን በየመንገዱ የሚመራው የቢሯችን መሣሪያ፣ ጃኬቴን ለብሶ፣ እግሩን አነባብሮ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። እኔ በእሱ ቦታ ብረት መደርደሪያው ውስጥ ተሰክቻለሁ። ጆሮዬ ውስጥ ኬብል፣ ግንባሬ ላይ አረንጓዴ መብራት አለ። ምን እንዳስደሰተኝ እንጃ፣ ብቻ ልቤ ቅቤ ጠጥታለች።

ወዲያው ደግሞ መንገድ ዳር ነኝ። ሰዉ ሁሉ ቆሟል፤ የሚሄዱት መንገዶቹ ናቸው። የገበያው መንገድ ዘንቢል አንጠልጥሎ እየተጣደፈ አለፈ። የወፍጮ ቤቱ መንገድ ዱቄት በዱቄት ሆኖ መጣና አንዲት እናት ዘንድ ቆመ።

«እማማ፣ እርስዎ ወዴት ያደርሳሉ?»

«እስከ ልጄ ቤት» አሉት። አመስግኖ ወጣባቸውና ሄደ።

ሽማግሌዎቼ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው እዚያው ቆመዋል። ትልቁ፣ አባባ ወልደሰንበት፣ ወደ ጋሽ ደመላሽ የሚወስደው መንገድ መጥቶ እስኪያነሳቸው እየጠበቁ እንደሆነ ነገሩኝ። ካልመጣ ስመኝ ቀረችብህ አሉኝ። እኔ ግን አልደነገጥኩም። እንዲያውም ሥራዬ ነው፣ አሁን አገኘዋለሁ ብዬ እየዘለልኩ ሮጥኩ።

መንገዶቹ የእድር ድንኳን ውስጥ ተሰብስበዋል። እያንዳንዱ አንገቱ ላይ ክር አስሯል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። ራውተሩ መሐል ላይ የእድር ዳኛ ሆኖ ቆሟል። የጋሽ ደመላሽን መንገድ በስሙ ብጣራ ማንም አልመለሰልኝም።

«እዚህ ሰው በስሙ አይጠራም» አለኝ ራውተሩ። «በክሩ ጥራው።»

ቀዮቹን ስጠራ የባንኮቹ መንገዶች ከረባታቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። ቢጫዎቹን ስጠራ የትምህርት ቤቶቹ መንገዶች እየተጋፉ ተነሡ። ደስታዬ ልክ አጣ፣ አጨበጨብኩ። የኔው ግን የለም። በመጨረሻ «አይውጣ» የሚባለውን ጥቁር ክር ጠራሁ። አንድ መንገድ ብቻ ከጥግ ተነሣ፤ አኩርፏል።

«ከሰፈር ውጪ መኖሬን የሚያውቅ የለም» አለኝ። «ትናንት ከስመኝ ጋር በስልክ ስታወራ አንተው አይደለህ ያሰርክብኝ?»

ኧረ በመድኃኔዓለም አልኩና ቋጠሮውን በጥርሴ ያዝኩ። ክሩ እየላላ፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እያጣፉ፣ መንገዱ ጀርባውን እያመቻቸ፣ ልትፈታ አንድ ፍሬ ክር ብቻ ስትቀር ስልኬ ጮኸ።

ባነንኩ። ጥርሴ የኪቦርዱን ገመድ ይዟል።

ስልኩን ከማንሣቴ በፊት እጄ ራሱ ኪቦርዱ ላይ ሄደ። እኛ ሥራ ቤት ለደንበኞች አድራሻ ምልክት እንሰጣለን፤ ኮሚዩኒቲ እንለዋለን። አንደኛው ምልክት ይህ አድራሻ ወደ ውጭ አይነገር ማለት ነው፤ ያልተነገረ አድራሻ ደግሞ ኢንተርኔት አያገኝም። ትናንት ማታ ለሙከራ በተያዘ አድራሻ ላይ ሞክሬው ነበር። ስመኝ በስልክ ሽማግሌዎቹ ምን ዓይነት ጋቢ ይልበሱ እያለች፣ እኔ በሳቅ እየፈረስኩ። ራውተሩን ይህ ምልክት ያለባቸውን ብቻ አሳየኝ አልኩት።

አንድ መስመር ወጣ። የሙከራው አድራሻ አይደለም። ደመላሽ ሆቴል ነው። ለካ ተሳስቼ እሱ ላይ ነው ያሰርኩት፤ ምልክቱን ወዲያው አነሣሁና ስልኩን አነሣሁ።

አባባ ወልደሰንበት ናቸው፤ ድምፃቸው ይስቃል። በክብር ተቀበሉን፣ ቤተሰብህንም ወደዱት አሉ። ችግሩ ከትናንት ማታ ጀምሮ የሆቴሉ ኢንተርኔት ሞቶ፣ ለስብሰባ የመጣው እንግዳ ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ጎረቤት ሆቴል ገብቷል። ጋሽ ደመላሽ ነብር ሆነዋል።

«ልጄን እሰጣለሁ አለ» አሉኝ። «ግን የእናንተ ልጅ የኢንተርኔት ሰው ነው ካላችሁ፣ መጀመሪያ ይህን የሠራብኝን ሰው ይዞልኝ ይምጣ አለ።»

ምን መለሳችሁለት አልኳቸው።

«ምን እንላለን፣ ይበልጣል? ዛሬውኑ አንገቱን አንቆ ያመጣልሃል ብለን ሦስታችንም ማልንለት።»