ለፍሪሲዮኑ የጠፋ እግር
እስቲ ልጠይቅዎ፤ የተከፈተ የመኪና ኮፈን አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ወንድ ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ስሸጥ ስንት ዘመኔ፤ አንድም አላየሁ።

ጎረቤቴ አዳነ ከእኔ የገዛውን የፍሪሲዮን ሲሊንደር አሮጌ መኪናው ላይ ቀይሮ፣ ዘይቱ ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ብቻ ቀረው። ያ ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ሲይዝ ሌላው ከሥር ቡሎኑን ይፈታል። ከሰዓት በኋላ ልጁ ሲጋል በጦር ሰፈሯ ቃለ መሐላ ስለምትፈጽም ቸኩሏል።

«ወንድሞቼ፣ አንድ እግር አበድሩኝ!» አለ ከመኪናው ሥር።

ኮፈኑን ከበን የቆምነው አምስት ነበርን። አንዱ «ዘይቱ ነው» አለ። ሌላው «ሲሊንደሩ የማይረባ ነው» ብሎ ወደ እኔ አየ። ታዲያ ዝም ልበል? ስለ ዕቃዬ ክብር አንድ ሰዓት ተከራከርኩ። መርገጥማ የረዳት ሥራ ነው፤ እኛ ሁላችን መካኒክ ነን!

አዳነ በመጨረሻ መኪናውን እንደቆመ ትቶ በአውቶቡስ ሄደ። ሲደርስ መሐላው አልቆ ወንበሮቹ እየተሰበሰቡ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ እግሬ እኮ ጤነኛ ነበር።

ዓርብ ሲጋል ከነዩኒፎርሟ መጥታ አባቷ መኪና ውስጥ በሹፌሩ ወንበር ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ልርገጥ?»

«ርገጪ። ያዢው።»

ሩብ ሰዓት አልፈጀባቸውም። እኔም ለመምከር ወርጄ ነበር፤ አፌን ሳልከፍት ወደ ቤቴ ተመለስኩ።