የወሊድ ፈቃዴና ስድሳ ሁለቱ ዝምተኞች

ነፍሰ ጡር ሴት ሆዷ የራሷ ይመስላታል። ስህተት ነው። ገፋ ብሎ መታየት ከጀመረበት ቀን አንስቶ ሆዷ የሕዝብ ጉዳይ ነው። የባጃጅ ሾፌር አስተያየት ይሰጥበታል። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ከላይ እስከ ታች አይታ «ወንድ ነው» ብላ ትፈርድበታለች። የትምህርት ቤት ዘበኛ በሩን እየከፈተ «ዛሬም መጣሽ?» ይላል፣ እሱን ሳታማክር የመጣች ይመስል። ሴትዮዋ ሠራተኛ ከሆነች ደግሞ አገር ምድሩ የሚጠይቃት ጥያቄ አንድ ነው፤ «መቼ ነው ፈቃድ የምትወጪው?»

እኔም ተጠይቄያለሁ። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፤ ሳቢያን የሚባል ሰፈር ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስድሳ ሁለት ሕፃናትን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አደርሳለሁ። ወደ ድሬዳዋ የመጣሁት ከደጋ ነው። በመጀመሪያው ሳምንቴ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ «ቲቸር፣ አንቺ ቤትሽ የት ነው?» ስትለኝ ክብሬ መሬት የወደቀ መስሎኝ ነበር። «እርስዎ» የሚባለው ቃል ከደጋ በባቡር ሲመጣ፣ መንገድ ላይ ሙቀቱን ቀምሶ የተመለሰ ይመስለኛል። ዛሬ ግን ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም እዚህ ከተማ «እርስዎ» የሚለኝ ሰው ካጋጠመኝ ምን አጠፋሁ ብዬ እደነግጣለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ከመውለድ በፊት አንድ ወር፣ ከወለዱ በኋላ ሦስት ወር ይታረፋል። ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ነርስ ሰኔ አጋማሽ ላይ እንደምወልድ ነግራኛለች። ስለዚህ ግንቦት አጋማሽ ላይ ቤቴ መግባት ነበረብኝ። ይህን ሒሳብ የእኔ አንደኛ ክፍሎች እንኳ ይሠሩታል፣ ጣት እስካላለቀባቸው ድረስ።

ታዲያ ደብዳቤውን ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ የወሊድ ፈቃድ ስለመጠየቅ» ብዬ ጀምሬ፣ በአክብሮት እንደምጠይቅ ገልጬ፣ ስሜንና ፊርማዬን አስቀመጥኩ። «ከ» እና «ቀን ጀምሮ» በሚሉት ቃላት መካከል ግን ባዶ ቦታ ተውኩ። ርዕሰ መምህራችን አቶ ታደለ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩትና «ቀኑስ?» አሉኝ። እሞላዋለሁ አልኳቸው። ደብዳቤውን መልሰው ሰጡኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው የሚተካኝ መምህር አለመኖሩ ነው። እንዲያውም እርግዝናዬን ገና የነገርኳቸው ቀን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንዲት ባልደረባችን አምና ነሐሴ ላይ፣ ትምህርት ተዘግቶ ሳለ መውለዷን አውስተው፣ «በጣም ጥሩ አድርጋለች» ብለውኝ ነበር። በክረምት መውለድ ምስጉን ሠራተኛ የሚያሰኝ መስፈርት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ግንቦት አጋማሽ መጣ፣ አለፈ። ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ከጠመኔ ጋር እየተዳበለ ነጭ ሆነ። የድሬ ግንቦት እንዴት ያለ ግንቦት እንደሆነ ለማያውቅ አልነግረውም፣ አያምነኝም። ባለቤቴ ዮናስ ማታ እራት ላይ «እና?» ይለኛል። ልጆቹ ማንበብ ሊጀምሩ ጫፍ ላይ ናቸው እላለሁ። ፈተና ደርሷል እላለሁ። ሲጨንቀኝ የመምህርነት ሙያ መስዋዕትነት ይጠይቃል እላለሁ፤ ይህን ስል ዮናስ ሳቁን ለመደበቅ ውኃ ይጠጣል።

እውነቱን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። እስቲ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ከሁለት ዓመት በፊትም አርግዤ ነበር። ያኔ ደም ግፊት አለሽ፣ ማረፍ አለብሽ ተብዬ ገና በሰባተኛው ወር ቤቴ ገባሁ። ቤታችን ከዚራ የሚባለው ሰፈር ነው፤ የዮናስ አያት የምድር ባቡር ሠራተኛ ሳሉ የኖሩበት፣ ጣራው ከፍ ያለ፣ በትልልቅ ዛፎች የተከበበ ቤት። ሰው ያየው ሁሉ ይቀናበታል፤ ጸጥታው ብቻውን ያሳርፋል ይላሉ። እዚያ ጸጥታ ውስጥ ለአምስት ሳምንት ተኛሁ። ሌላ ሥራ ስለሌለኝ ሆዴን አዳምጥ ነበር። ጠዋት ይንቀሳቀሳል፣ ከምሳ በኋላ ይንቀሳቀሳል፣ አመሻሽ ላይ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዳመጥኩ፣ አዳመጥኩ፤ ምንም የለም።

ሐኪሙ በኋላ ማረፍሽ አይደለም ጥፋቱ፣ ሥራ ላይ ብትሆኚም ያው ነበር አለኝ። ጭንቅላቴ ይህን ተቀብሏል። ጆሮዬ ግን አልተቀበለም፤ ያን ቀን እዚያ አልጋ ላይ ሲጠብቅ የዋለው እሱ ነውና። ስለዚህ በዚህኛው እርግዝና ከጸጥታ ሸሸሁ። ስድሳ ሁለት ልጆች አንድ ላይ «በ ቡ ቢ ባ» እያሉ ጣራ ሲያነሱ የገዛ ፍርሃቱን ማን ይሰማል? ሰው ጩኸቱን እንዴት ቻልሽው ይለኛል። እኔ የምኖረው በእሱ ነበር።

ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ፋጡማ ታስተምራለች። መጋላ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ የአራት ልጆች እናት፣ አራት ቋንቋ የምትናገርና በአራቱም የምትቆጣ ሴት ናት። ቀሚሶቼ ሲጠቡኝ ታይዋን ገበያ ጎትታ ወስዳ ሽቲ የሚባለውን ሰፊና ስስ ቀሚስ ያስገዛችኝ እሷ ነች። ግንቦት ሊያልቅ ሲል አንድ ዓርብ፣ በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጬ አገኘችኝ።

«አቦ አንቺ ሴትዮ፣ ልጁን ጥቁር ሰሌዳው ሥር ልትወልጂው ነው?» አለችኝ።

ስለ ፈተናና ስለ ንባብ ጀመርኩላት።

«ይሄ ለአቶ ታደለ የሚነገር ነው» ብላ አቋረጠችኝ። «ለእኔ እውነቱን ንገሪኝ።»

ነገርኳት። የከዚራውን ቤት፣ አምስቱን ሳምንት፣ ያን ቀን ከሰዓት በኋላውን። ፋጡማ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ጠረገች፤ «ሙቀቱ» አለች። ደወል ተደወለና ወደየክፍላችን ገባን።

ሰኞ ጠዋት ከባጃጅ ወርጄ ወደ ክፍሌ ስሄድ አንድ ነገር ጎደለኝ። የእኔ ልጆች ድምፅ ከግቢው በር ይሰማል፤ ያን ቀን ክፍሌ በር ላይ ደርሼም አልሰማሁም። በዓል ነው እንዴ? ሥራ የለም? በሩን ገፋ ሳደርገው ስድሳ ሁለቱም በየቦታቸው ተቀምጠዋል፣ እጃቸውን ዴስክ ላይ አጣጥፈው። እንደምን አደራችሁ አልኳቸው። በሹክሹክታ መለሱልኝ። ሰሌዳው ላይ «ተ ቱ ቲ ታ» ጻፍኩና አንብቡ አልኳቸው፤ እነሱም እንደ ሌባ በሹክሹክታ አነበቡት።

ሂክማ የምትባል የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ተማሪ አለችኝ፤ በሌላው ቀን ከሁሉም በላይ የምትጮኸው እሷ ናት። ጠርቼ ምን ሆናችሁ አልኳት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቀረበችኝ።

«ቲቸር ፋጡማ ናት የነገረችን» አለች በሹክሹክታ። «ቲቸራችሁ ሆዷ ውስጥ ያለውን ቤቢ ማዳመጥ ትፈልጋለች፣ እናንተ ስትጮሁ አይሰማትም አለች።»

በእረፍት ሰዓት ፋጡማ ላይ እንደ እሳት ተነሳሁባት። ማን ፈቀደልሽ? በሚስጥሬ ትጫወቻለሽ? ክፍሌን የሐዘን ቤት አደረግሽው! እሷ ቆማ አስጨረሰችኝ።

«ሚስጥርሽን አልነገርኳቸውም» አለች። «ግን ዋላሂ ሆድሽን ይዘሽ ከጆሮሽ ልትሸሺ አትችይም። ጩኸት ነው የፈለግሽው? አብሽሪ፣ ቤትሽ ድረስ አመጣልሻለሁ፤ አራት አለኝ። መጀመሪያ ግን ልጅሽን ስሚው።»

ለአንድ ቀን ነው፣ ነገ ይረሱታል ብዬ ነበር። ሕፃናት ቃል የማይጠብቁ የሚመስለው ሰው የእኔን ክፍል አላየም። ማክሰኞም ዝም። አንዱ ማስነጠስ ሲመጣበት አፍንጫውን ይዞ ሜዳ ድረስ ሮጦ፣ እዚያ አስነጥሶ ተመለሰ። ሁለቱ በላጲስ ተጣልተው፣ ድምፁ እንደጠፋበት ቴሌቪዥን፣ ያለ አንዲት ቃል ተደባድበው ያለ አንዲት ቃል ታረቁ። የአንዷ እርሳስ ሲወድቅ ስድሳ አንዱ ዞረው አፈጠጡባት። በዚያ ሙቀት፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ አልችለውም።

ረቡዕ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ነበር። ከጠመኔው በቀር የሚሰማ የለም። ያኔ ውስጤ ያለው ሰው ረገጠኝ። ቀላል አልነበረም፤ በር የሚያንኳኳ ይመስላል። እጄን ሆዴ ላይ ሳደርግ የአምስት ጣቴ ምልክት በነጭ ጠመኔ ሽቲዬ ላይ ታተመ። ደገመኝ። ስምንት ወር ሙሉ ቆሜ አልሰማሁትም ነበር። ቢንቀሳቀስ ቶሎ ብዬ ድምፄን ከፍ አደርግ ነበር፤ ዛሬ ከሰማሁ ነገ መጠበቅ ልጀምር ነዋ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሆን ብዬ አዳመጥኩ። ፍርሃቱ አልጠፋም። ግን ብቻዬን አልነበርኩም፤ ስድሳ ሁለት ሰው ትንፋሹን ይዞ አብሮኝ ያዳምጣል።

«ነቃ?» አለች ሂክማ ከፊት ወንበር።

«ነቃ» አልኳት።

«ነቃ፣ ነቃ፣ ነቃ» የሚል ሹክሹክታ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ሄደ።

ከዚያ የእረፍት ደወል ተደወለ። ልጆቹ በጣታቸው እየቆሙ ወጡ፤ በሩን እንዳለፉ ግን የሰማሁት ጩኸት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ይዘውት የዋሉት ሁሉ አንድ ጊዜ ወጣ። እኔ ባዶው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። እዚህ የምቀረው ለእነሱ ብዬ ነው ስል ከርሜ፣ ለካ የእኔን ፍርሃት እነሱ በትንንሽ ትከሻቸው ተሸክመውልኛል።

ተነሥቼ ቢሮ ሄድኩ። ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ ጠመኔውን አራግፌ፣ ባዶው ቦታ ላይ ቀን ጻፍኩበት። አቶ ታደለ አነበቡት። «ነገ?» አሉኝ። ነገ አልኳቸው። ምትክ እስኪገኝ ክፍሉን ራሳቸው እንደሚይዙት ነገሩኝ። ያዙትም። ለእሳቸው ግን ማንም ዝም አላላቸውም፤ በሦስተኛው ቀን ድምፃቸው ተዘጋ።

ፋጡማ ቃሏን ጠበቀች። አሥር ሰዓት ሲሆን አራት ልጆቿንና አንድ ትልቅ ሀብሀብ ይዛ ከዚራ ትመጣለች። ልጆቹ በረንዳው ላይ ይሮጣሉ፣ ዛፉ ላይ ይወጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይካሰሳሉ። ያ ሰው የሚቀናበት ጸጥታ ወዴት እንደገባ እንጃ። እነሱ ሲሄዱ እጋደምና እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። እየፈራሁ እጠብቃለሁ። ይመልስልኛል። ዮናስም «እና?» ማለቱን ትቶ፣ አንዳንዴ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አብሮኝ ይጠብቃል።

ሰኔ ላይ፣ አዋላጇ ከነገረችኝ ቀን ስድስት ቀን ዘግይቼ፣ ሴት ልጅ ወለድኩ። ጤነኛ። ስትወለድ ያሰማችውን ጩኸት ዮናስ ኮሪደር ላይ ሆኖ ሰምቶት፣ ሁለት ነው እንዴ የወለደችው ብሎ ጠየቀ አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህም አላቆመችም። ስትራብ ትጮኻለች፣ ስትጠግብ ትጮኻለች፣ ሲሞቃት ትጮኻለች፣ ድሬ ደግሞ ሁልጊዜ ይሞቃል።

ትምህርት ሊዘጋ በተቃረበበት ሰሞን ፋጡማ ከክፍሌ ስድስት ልጆች መርጣ፣ ወላጆቻቸውን አስፈቅዳ በሁለት ባጃጅ ጭና አመጣቻቸው። በጣታቸው እየቆሙ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ከንፈራቸው ላይ ጣታቸውን አድርገው ገቡ። ልጄ አልጋው ላይ ሆና ፊቷ በርበሬ እስኪመስል እየጮኸች ነበር፤ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ሂክማ ቀረብ አለች። የተከፈተውን ትንሽ አፍ፣ ጥርስ የሌለውን ድድ እያየች ብዙ ቆየች። ከዚያ ጣቷን ከከንፈሯ ላይ አነሣችና ወደ እኔ ዞራ፣ በዚያ በጥንቱ ድምፅዋ፣

«ቲቸር፣ እኛ ዝም ያልነው ለዚች ነው?» አለችኝ።