ለአየርላንዷ ሴትዮ የተቀመጥነው ለቅሶ

የወደደውን ዘፈን ብቻውን መውደድ የማይችል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኔው ሀፍቶም ይባላል። ዓዲ ሓቂ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተን ተከራይተናል። ዘንድሮ የያዘው አንዲት ሴት ብቻዋን የተጫወተችው የአየርላንድ ባህላዊ ዘፈኖች አልበም ነው። ክራር የለ፣ ከበሮ የለ፣ ሴትዮዋ ብቻ! በር ላይ ይጠብቀኝና "ሓፍተይ፣ በእህትነትሽ አንዷን ብቻ እስከ መጨረሻዋ ስሚልኝ" ይላል። "ውሃ ጥጃለሁ" ብዬ አመልጣለሁ። ሁሉም እንደኔ ነው፤ እስከ መጨረሻው የሰማለት ሰው የለም።

እሁድ ጠዋት ድምፁን ለቀቀው። አሮጊቷ አከራያችን አደይ ለተብርሃን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እንጉርጉሮውን ሰምተው ደረታቸውን ያዙ። "ወይለይ! ሀፍቶም ቤት መርዶ ገብቷል!"

ከዚያማ ማን ያጣራል? እኔም ለዘፈኑ ጆሮ ሰጥቼ ስለማላውቅ አልለየሁትም። የግቢው ሰው ሁሉ ነጠላችንን ዘቅዝቀን፣ አግዳሚ ወንበር ተሸክመን ገባንና ቁጭ አልን። ለቅሶ ቤት ለጥያቄ አይቸኮልም። ሀፍቶም በደስታ ሊያብድ ደረሰ፤ ሊሰሙልኝ መጡ ብሎ ድምፁን ጨመረው። አራት ዘፈን በእንባ አለፈ።

በአምስተኛው አደይ ለተብርሃን አፍንጫቸውን ጠርገው "ወደይ፣ የኔ ልጅ፣ ማን ነው ያረፈብህ?" አሉ።

"ኧረ ማንም አላረፈም፣ አደይ! ዘፈን እኮ ነው።"

አፍረን ብድግ አልን። ሀፍቶም ፊቱ ጠቁሮ እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ።

"ተቀመጡ!" አሉ አደይ ለተብርሃን። "ሴትዮዋ እያለቀሰች ጥሎ መውጣት አለ እንዴ?"

እስከ መጨረሻው ሰማን። እኔማ የዚያን ቀን የእውነት ውሃ ጥጄ ነበር፤ ድስቴ አርሮ ቀረ።