ነብር ያለበት ቡና

ቡና ሲቀላ ሌባም አብሮ ይበስላል። ይህን ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ የትኛውንም ባለቡና ብትጠይቁት ይነግራችኋል። ያለው ሰው ዘበኛ ይቀጥራል፤ ዘበኛውን የሚጠብቅ ሌላ ዘበኛ መቅጠር ግን አቅሙ አይፈቅድም። የሌለው ውሻ ያሳድጋል። እኔ ከሁለተኛዎቹ ነበርኩ፣ ውሻዬን ነብር እስኪበላብኝ ድረስ።

ማሳዬ ዛፉ ሳስቶ ድንጋዩ ከሚበዛበት ዳገት ሥር ነው። ነብሩ ከላይ ካለው ቋጥኝ ይኖራል፤ እኔ ከመምጣቴ በፊትም እዚያው ስለነበረ ውጣልኝ አይባልም። ሰው ነክቶ አያውቅም። ጦጣ፣ ውሻ፣ አንዳንዴ ፍየል፤ በቃ። በውሻዬ ከልቤ አዘንኩ። ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ወሬው ከተሰማ ወዲህ ወደ ማሳዬ ዝር የሚል ጠፋ።

እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ አወራሁ። ገበያ ወጥቼ አወራሁ፣ ባጃጅ ውስጥ አወራሁ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር አወራሁ። የጅራቱን ጫፍ እንኳን ሳላይ ወር እየሞላኝ «ዛሬም አየሁት» እላለሁ። በየሳምንቱ በክንድ አስረዝመዋለሁ። በመጨረሻ ሚስት አጋባሁት፤ ሁለት ልጆችም ወለደ። የጎረቤቶቼ ቡና ሲሰረቅ የእኔ ፍሬ ሳይነካ ቀላ።

ቡና ግን ራሱን አይለቅምም። ለቃሚ ፍለጋ ብወጣ ሁሉም አንገቱን ነቀነቀብኝ። ፍሬው መርገፍ ጀመረ፤ የዓመት ቀለባችን፣ የልጆቼ ልብስና ደብተር የሚወጣው ደግሞ ከእሱ ነው። «ሰው አይነካም» ብዬ ብምልም ብገዘትም የሚሰማኝ አላገኘሁም። የለቃሚዎቹ አለቃ እትዬ አስቴር ብቻ በትዕግሥት አስጨረሱኝ።

«እኛ እኮ አንተ የነገርከንን ነው የሰማነው፣ ልጄ» አሉ። «ግድ የለም፣ እንመጣለን። አንተ ግን ቋጥኙ ላይ ቁጭ በልልን። ጠባዩን የምታውቀው አንተ ነህ።»

ገጀራዬን ይዤ ወጣሁ። ከታች ሴቶቹ እየተጨዋወቱ ይለቅማሉ፤ ቅርጫቱ ይሞላል። ረፋዱ ላይ፣ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል፣ ከበላዬ ካለው ድንጋይ ጠጠር ወረደ። ቀና አልኩ። ተጋድሞ ያየኛል። እንዳወራሁት ትልቅ አይደለም፤ ግን ይበቃል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ብጮህ ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ጥለው ይበተናሉ፤ ከማሳው ገና ግማሹም አልተለቀመም።

«እንዴት ነው?» ብለው እትዬ አስቴር ከታች ተጣሩ። «አለ እንዴ?»

«ኧረ የለም!» አልኩ። «ልቀሙ! ብቻ ትንሽ ፈጠን በሉ!»